ገልብጬ የለበስኩት

የእህቴ ልጅ ቀን ባንክ ቤት ብር ትቆጥራለች፣ ማታ ጨርቅ ትቆርጣለች። ሁለቱም ዓይን የሚያደክም ሥራ ነው፤ የእሷ ዓይን ግን ማታ ማታ ጭራሽ የሚበራ ይመስለኛል። ቤቷ የሄደ እንግዳ ለመቀመጥ መጀመሪያ አንድ ክምር ማንሳት አለበት። የታላቁ ሩጫ ቲሸርቶች አሉ፤ ሩጫው በ1994 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ ቀለሙ ስንት ጊዜ እንደተቀያየረ ከክምሩ ላይ ማንበብ ይቻላል። 2000 ዓ.ም. ሲብት «ሚሊኒየም» ተብሎ የተለበሰ ቲሸርት አለ። የምርጫ ቲሸርትም አለ። የየትኛው ፓርቲ እንደሆነ አትጠይቁኝ፤ መቀስ ወገን አይለይም። የተሰበረ ጃንጥላ ጨርቅ፣ ከመርካቶ ልብስ ሰፊዎች የተለመነ ብጣሽ፣ ዝሆንና ቀጭኔ የታተመበት መጋረጃ፣ ሀ ሁ ሂ የተጻፈበት የትራስ ልብስ፣ ሁሉም አለ።

«ጋሼ፣ የማትለብሰው ነገር የለህም?» ትለኛለች በመጣች ቁጥር። ጥያቄውን የምታቀርበው የለበስኩትን እያየች ስለሆነ ቶሎ ብዬ ከቁምሳጥኑ ሌላ ነገር እፈልግላታለሁ።

ከዚያ ክምር የምታወጣውን ነገር ብታዩት! የመነጽር ማኅደር፣ የሳንቲም ቦርሳ፣ የድስት መያዣ። (ለድስት መያዣ ጥጥ ብቻ ነው የምትጠቀመው፤ የቲሸርት ቀለምና ናይሎን እሳት ሲነካው ቀልጦ እጅ ላይ ይጣበቃል።) ዋናው ሥራዋ ግን የሕፃን ብርድ ልብስ ነው። ከላይ ቁርጥራጩ ተገጣጥሞ የተሰፋው ፊት ይሆናል፣ ከመሀል ሙቀት የሚይዝ ጥጥ ወይም ያረጀ ብርድ ልብስ፣ ከሥር ደህና አንሶላ። ሦስቱ ከተነባበሩ በኋላ ክሩ ሦስቱንም እየበሳ ከዳር ዳር ይመላለሳል። ካልተመላለሰ ሁለት ጊዜ ሲታጠብ የመሀሉ ጥጥ እየሸሸ አንድ ጥግ ላይ ይጠራቀማል። አዲስ ጨርቅ ሳይታጠብ ከአሮጌ ጋር አይሰፋም፤ በኋላ ውኃ ሲነካው አዲሱ ይሰበሰብና አሮጌውን ጎትቶ ይቀድደዋል። ይህን ስትነግረኝ «ወንጌል ላይ አለ እኮ» አልኳት። «እኔ ዩቲዩብ ላይ ነው ያየሁት» አለችኝ።

ባለፈው ጥቅምት ከጓደኞቿ አንዷ ልትወልድ ተቃረበችና ሴቶቹ ተሰብስበው ያንን ቤቢ ሻወር የሚሉትን ነገር አዘጋጁላት። በእኛ ቤት ልጅ ሳይወለድ የልጅ ዕቃ መግዛት እንደ ሟርት ይቆጠር ነበር፤ ይሁን፣ ዘመኑ የእነሱ ነው። የእህቴ ልጅ ስድስት ሳምንት ሙሉ ከሥራ እየመጣች ብርድ ልብስ ሰፋች። ዝሆኖቹን ከመሀል አደረገች፣ ሀ ሁ ሂውን በዙሪያው፣ በአንዱ ጥግ ደግሞ እሷና ነፍሰ ጡሯ አብረው ከሮጡበት ዓመት ቲሸርት ላይ የተቆረጠ ብጫ ካሬ። ስጦታው በየተራ ሲከፈት ጋሪ ያመጣች አለች፣ የሕፃን አልጋ ያመጡ አሉ። የእሷ ተራ ደርሶ ብርድ ልብሱ ሲዘረጋ አንዲት እንግዳ፣ ምናልባት ሳታስበው ከአፏ አምልጧት፣ «ውይ! ድሪቶ!» አለች። ትንሽ ሳቅ ሆነ። ከዚያ ዝምታ። ከዚያ «አረ በጣም ያምራል!» የሚል ማለዘቢያ ከአራት አቅጣጫ መጣ። የባሰው ማለዘቢያው ነው።

ማታውኑ እኔ ቤት ከች አለች። አላለቀሰችም። የባንክ ሰው ናትና ነገሩን ሂሳብ አድርጋ ነው ያቀረበችልኝ።

«ጋሼ፣ አንተ የቋንቋ ሰው ነህ። ድሪቶ ስድብ ነው?»

«እንደ አነጋገሩ ነው።»

«እሺ። ስድስት ሳምንት የተለፋበት ብርድ ልብስና በአንድ ሰዓት ከሱቅ ተገዝቶ የመጣ ጋሪ፣ የትኛው ነው ስጦታ?»

«ሁለቱም።»

«የትኛው ነው የሚበልጠው?»

ለረጅም ዓመት ያስተማርኩ ሰው ነኝና መልስ ሲጠፋኝ ምን እንደማደርግ አውቃለሁ፤ ጥያቄውን አመሰገንኩ። «በጣም ጥሩ ጥያቄ ነው» አልኳትና ሻይ አስፈላሁ። ሻይዋን ጠጥታ ሄደች። እኔ ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ፤ በእኛ ቤተሰብ ውስጥ ያንን ቃል መጀመሪያ በክፉ ያነሳሁት እኔ ነኛ!

መጀመሪያ ስለ ቃሉ። ደረተ ማለት ጨርቅ በጨርቅ ላይ እየደራረበ ሰፋ ማለት ነው። ድሪቶ ከዚያ የወጣ ነው። እንደ ጥልፍ፣ እንደ ስፌት የእጅ ሥራ ስም ነው እንጂ በራሱ ምንም ጥፋት የለበትም። ያበላሸነው እኛ ነን። አንድን ሰው «ድሪቷም» ብለን ስንሰድብ ልብሱን አይደለም የምንሰድበው፤ ማጣቱን ነው። ማጣቱንም ብቻ ሳይሆን ማጣቱን አለመደበቁን። የተቀደደ ልብስ የለበሰ ሰው «ዛሬ ሚስማር ያዘኝ» ብሎ ሊያመካኝ ይችላል። የተደረተ የለበሰ ግን ምንም ማመካኛ የለውም። እያንዳንዱ እራፊ፣ እዚህ ጋ አለቀብኝ፣ እዚህም ጋ አለቀብኝ፣ ሌላም መግዣ አልነበረኝም፣ እያለ በአደባባይ ይናገርበታል።

አማርኛ በጨርቅ የማይናገረው ነገር የለም እኮ። አእምሮውን የሳተ ሰው ጨርቁን ጣለ ይባላል። መንገደኛ ሲሸኝ መንገዱን ጨርቅ ያድርግልህ ይባላል። ባላገሩ መጽሐፍን መጣፍ ይለዋል፤ የተቀደደ ልብስ ላይ እራፊ መስፋትም መጣፍ ነው። የሁለቱ ሥርወ ቃል አንድ ነው ብዬ አልከራከርም፤ በጆሮዬ ግን ሁልጊዜ አንድ ነበሩ። እንዲህ ያለውን ቋንቋ እያስተማርኩ፣ ከዚህም ከዚያም የተለቃቀመ የተማሪ ጽሑፍ በደረሰኝ ቁጥር በቀይ እስክሪብቶ «ይህ ድርሰት ሳይሆን ድሪቶ ነው» ብዬ ኅዳጉ ላይ እጽፍ ነበር። ራሴን እንደ ጨዋታ አዋቂ እቆጥር ስለነበር አንዳንዴ ለክፍሉ ጮክ ብዬ አነብበው ነበር፤ ተማሪዎቹም ይስቁልኛል። ድሪቶ ሲሰፋ አጠገቡ ተቀምጦ ያደገ ሰው እንዲህ ማለቱ ነው የሚገርመው። የቱ ቀለም ከየቱ ጎን ይሁን፣ የላላው ጨርቅ ከየትኛው ጠንካራ ጋር ይያዝ፣ ድሩ በየት በኩል ይሂድ፣ ይህ ሁሉ ሳይታሰብ አንዲትም ብጣሽ ከሌላዋ ጋር አትጋጠምም። የእነዚያ ተማሪዎች ጥፋት አለመደረታቸው ነበር። አንስተው ነው የወረወሩት።

አጠገቡ ተቀምጬ አድጌአለሁ ያልኩት እውነቴን ነው። አባቴ ደሴ ውስጥ በረንዳ ላይ ሲንጀሩን ዘርግቶ ልብስ ይሰፋ ነበር። ጊዜው ደርግ ነበርና ብዙው ሥራ ካኪ ነው። ማታ ማታ እናቴ ከመኪናው ሥር የወደቀውን ብጣሽ ትለቅምና በአንድ ከረጢት አጠራቅማ ሚስማር ላይ ትሰቅለዋለች። ካኪ፣ ፖፕሊን፣ የከፋይ ዳር፣ የኮት ገበር፣ አንዳንዴም ከየት እንደመጣ የማይታወቅ ባለ አበባ ጨርቅ።

በ1980 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲ ገባሁ። እናቴ ከዚያ ከረጢት ብርድ ልብስ ሰፍታ ሰጠችኝ። ክረምቱን ሙሉ የሠራችው ነው። መሀሉ ያረጀ ብርድ ልብስ ነበር፣ ጀርባው አቡጀዲ፣ ፊቱ እንግዲህ የእኛ ቤት ታሪክ። የወንድሜ የትምህርት ቤት ቁምጣ ነበረበት። የአባቴ ኮት ገበር ነበረበት። በአንዱ ጥግ ደግሞ ከራሷ የሰርግ ቀሚስ ላይ የቆረጠችው አንድ ስንዝር ጥለት ነበር። ስድስት ኪሎ ደርሼ አልጋዬን ሳነጥፍ ዙሪያዬን ተመለከትኩ። ያኛው አልጋ ላይ የደብረ ብርሃን ብርድ ልብስ፣ ይሄኛው ላይ ከውጭ የመጣ ባለ ነብር ምስል። የእኔን ገለበጥኩት። አቡጀዲው ወደ ላይ፣ እናቴ የለፋችበት ወደ ታች። ዓመቱን ሙሉ እንደዚያ ለበስኩት። ይሞቀኝ ነበር፣ ያንን መካድ አልችልም። ሌሊት እግሬ ያንን ጥለት ሲነካ አውቀው ነበር።

በሁለተኛው ዓመት ትንሽ ብር አገኘሁና የፋብሪካ ብርድ ልብስ ገዛሁ። ድሪቶውን አጥፌ፣ አሁንም አቡጀዲው ወደ ውጭ እንደሆነ፣ ውጭ በር ላይ ለሚያድሩት ሽማግሌ ዘበኛ ወስጄ ሰጠኋቸው። ዘረጉት፣ ፊቱን አዩት፣ ደስ አላቸው። «እግዜር ያልብስህ ልጄ» ብለው መረቁኝ። እኔም ቀና ብዬ ሄድኩ። የበረደውን ሰው አልብሻለሁ፤ ወንጌሉስ ከዚህ ሌላ ምን ይላል?

ለዕረፍት ደሴ ስመለስ እናቴ የጠየቀችኝ የመጀመሪያ ነገር «ያ ብርድ ልብስ ሞቀህ?» የሚል ነበር። «ለአንድ ሽማግሌ ሰጠሁት፣ ብርድ ላይ ነው የሚያድሩት» አልኳት። እያንዳንዱ ቃል እውነት ነው። ፊቷ በራ። «እሰየው የኔ ልጅ!» አለች። ቡና ላይ ለጎረቤት አወራችው፤ ልጄ እኮ የለበሰውን ከላዩ ላይ አውልቆ ሰጠ፣ ብላ። እኔ እዚያው ቁጭ ብዬ ቡናዬን እጠጣለሁ። በማግስቱ ከረጢቷን ከሚስማሩ አውርዳ ብጣሽ መለየት ጀመረች፤ ሌላ ልትሰፋልኝ ነው። «ዩኒቨርሲቲው ብርድ ልብስ ያድላል፣ አትልፊ» አልኳት። ይሄኛው ውሸት ነው። ከረጢቷን መልሳ ሰቀለችው። ከዚያ ወዲህ ስትሰፋ አላየኋትም። በ2004 ዓ.ም. ስታርፍ ከረጢቱ እዚያው ሚስማር ላይ ነበር።

ለረጅም ጊዜ ራሴን ስሟገት የኖርኩት በውጤቱ ነው። ሽማግሌው አልበረዳቸውም፣ እናቴ ኮራች፣ እኔም አዲስ ብርድ ልብስ አገኘሁ። ማን ተጎዳ? በሂሳብ ቢሄዱበት ሁሉም አትርፏል። ዛሬ ያንን ሂሳብ አልቀበለውም፤ የማልቀበለው ግን በመዋሸቴ ብቻ አይደለም። ድሪቶውን የሰጠሁት ለሽማግሌው አዝኜ መሆን አለመሆኑን ራሴን ስጠይቅ፣ ያን ሌሊት ሽማግሌው እዚያ ባይኖሩ ኖሮ ብርድ ልብሱን ቆሻሻ መጣያ ውስጥ እጥለው እንደነበር አውቃለሁ። እሳቸው ለእኔ ምጽዋት ተቀባይ አልነበሩም። መጣያዬ ነበሩ። ይህን ስጽፍ እጄ ያመነታል።

ግን ከምን ነበር የሸሸሁት? ከድህነት ብዬ ብናገር ግማሹን ብቻ ነው የተናገርኩት። ድሆች መሆናችንን ዶርሙ ሁሉ ያውቃል፤ ዶርሙም አብዛኛው እንደኔው ነው። ማርሴል ሞስ የሚባለው ፈረንሳዊ ምሁር እ.ኤ.አ. በ1925 ስለ ስጦታ በታተመው ጥናቱ አንድ ነገር አሳይቷል፤ በብዙ ማኅበረሰብ ውስጥ መስጠት ግዴታ ነው፣ መቀበልም ግዴታ ነው፣ መመለስም ግዴታ ነው። እኛ ይህን ለማወቅ ፈረንሳይኛ አያስፈልገንም። ሰርግ ላይ ማን ምን እንዳመጣ በደብተር የሚጽፍ ሰው የምናስቀምጠው ለምን ሆነና! ለሚቀጥለው ሰርግ ነው። ሁለት ሺህ ብር የሰጠኝ ሰው ሁለት ሺህ ብር ይመለስለታል፤ እኔና እሱ ተቃቃፍን፣ ዕዳ የለብንም። የሱቅ ዕቃ ደግነቱ ዋጋ ያለው መሆኑ ነው። ጋሪውን የተቀበለችው እናት ዋጋውን በልቧ ትገምታለች፣ የጓደኛዋ ተራ ሲደርስ ያንኑ የሚያህል ትገዛለች፣ ትተኛለች።

የስድስት ሳምንት ማታ ግን በምን ይመለሳል? የእናቴ ክረምትስ? ደብተሩ ላይ የሚጻፍበት ረድፍ የለም። እንዲህ ያለውን ዕዳ መክፈል ሲያቅተን አንድ ቀላል መንገድ አለን፤ ዕዳውን ማሳነስ። ዋጋው ስንት ነው? ምንም፤ ብጣሽ ጨርቅ ነው። ድሪቶ ነው። ያቺ እንግዳ «ውይ» ስትል ክፋት የነበረባት አይመስለኝም። ቃሉ አፏ ላይ የመጣላት ቤቱ ውስጥ የነበረውን ሰው ሁሉ ከአንድ ከባድ ነገር ለመገላገል ነው፤ ለዚህም ነው ሳቅ የተከተለው። እኔም አቡጀዲውን ወደ ላይ ያደረግኩት ጓደኞቼ እንዳያዩት ብቻ አልነበረም። እኔም እንዳላየው ነበር።

እዚህ ላይ ራሴን ላቋርጥ። እንዲህ እያልኩ ስሄድ ድሪቶን ቅዱስ ላደርገው ምንም አልቀረኝም፣ ይህ ደግሞ ሌላ ውሸት ነው። እናቴ ገንዘብ ቢኖራት ኖሮ ያለ ምንም ማንገራገር የደብረ ብርሃኑን ትገዛልኝ ነበር። የሰርግ ቀሚሷንም አትቆርጥም ነበር። የእህቴ ልጅ ወድዳ ነው የምትሰፋው፣ እናቴ ተገድዳ ነው የሰፋችው፤ ሁለቱን አንድ አድርጎ «የእጅ ሥራ» ማለት በጠገበ ሰው አፍ ያምራል። ከአሜሪካ አንድ ሻንጣ ያገለገለ ልብስ እየላኩ «የሚለብሰው ሰው አይጠፋም» የሚሉ ዘመዶች አሉን፤ እግዚአብሔር ይስጥልን፣ ግን ተራፊ መስጠትና ከተራፊ ሠርቶ መስጠት አንድ አይደለም። አንደኛው ቤት የሚያጸዳ ነው። እኔ ለዘበኛው የሰጠሁት የሌላ ሰው ልፋት ያረፈበት ነገር ነበር፤ በእኔ እጅ ሲያልፍ ግን ተራፊ ሆነ።

ይህን ነገር ሳወጣ ሳወርድ ትዝ ያለኝ፣ አሜሪካ የሚኖር አንድ የቀድሞ ተማሪዬ ከዓመታት በፊት የላከልኝ የሥዕል መጽሐፍ ነው። (ከእነዚያ «ድሪቶ» ካልኳቸው አንዱ ሳይሆን አይቀርም፤ ሆን ብሎ ይላከው አይላከው አልጠየቅኩትም።) መጽሐፉ አላባማ ግዛት ውስጥ ስላለች ጂዝ ቤንድ ስለምትባል መንደር ነው። የአላባማ ወንዝ ተጠምዝዞ በሦስት በኩል ከቧታል። ነዋሪዎቿ በባርነት የጥጥ እርሻ ላይ ይሠሩ የነበሩ ጥቁሮች ልጆችና የልጅ ልጆች ናቸው፤ ብዙዎቹ የባለ እርሻውን ስም፣ ፔትዌይ የሚለውን፣ እስከ ዛሬ ይዘዋል። ሴቶቹ ለትውልድ ከሥራ ልብስ ቁርጥራጭ፣ ከዱቄት ከረጢት፣ ካገኙት ሁሉ ብርድ ልብስ ሲሰፉ ኖረዋል። ለጌጥ አይደለም፤ ቤቱ በሽንቁር ነፋስ ያስገባ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1966 የአካባቢው ሴቶች የሥራ ማኅበር አቋቁመው መሸጥ ጀመሩ። እ.ኤ.አ. በ2002 ያ ድሪቶ ኒውዮርክ ዊትኒ ሙዚየም ግድግዳ ላይ ተሰቀለ፤ በ2006 ደግሞ የአሜሪካ ፖስታ ቴምብር ላይ ወጣ። ሰዎች ከዘመናዊ ሥዕል ጋር እያስተያዩ አደነቁት።

እኔን የያዘኝ ግን ሙዚየሙ አይደለም። ሙዚየም ግድግዳው ላይ የሰቀለውን ሁሉ ያሳምራል፤ ደግሞም ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ብርድ ልብስ ማንንም አያሞቅም። የያዘኝ አንድ ሥራ ነው። ሚዙሪ ፔትዌይ የምትባል ሴት እ.ኤ.አ. በ1942 ባሏ ሞተባት። የሥራ ልብሶቹን ወሰደች፣ ቀደደች፣ ብርድ ልብስ ሰፋች፣ ከሥሩ ተኛች። ጨርቁ ላይ ኪስ የነበረበት ቦታ አልወየበም፤ ጉልበቱ ያረፈበት ገርጥቷል። ሰውየው ሥራ ላይ እንዴት ይንበረከክ እንደነበረ ከብርድ ልብሱ ላይ ይታያል።

በእኛም አገር በብዙ ቦታ ለቅሶ ላይ የሟች ልብስ ይወጣል፤ ይዘውት ይለቀስበታል። ከዚያ ለነዳያን ይሰጣል ወይም ሣጥን ይገባል። መቀስ ግን አይነካውም። የሟችን ልብስ መቁረጥ ለእኔ ሟቹን ሁለተኛ እንደ መግደል ነበር። ነበር ያልኩት ያለ ምክንያት አይደለም።

ከዚያች ማታ ሦስት ሳምንት ቆይታ የእህቴ ልጅ ተመልሳ መጣች። በዚህ ጊዜ የመጣችው ለጥያቄ አይደለም፣ ለጨርቅ ነው። የእናቴ የመጨረሻ ቀሚስ፣ የክት የምትለው፣ እኔ ቁምሳጥን ውስጥ በላስቲክ ተጠቅልሎ እንዳለ ታውቃለች። እሷም የልጅ ልጅ ናት፣ መብት አላት። ሙሉውን አልጠየቀችኝም።

«ጥለቱን ብቻ፣ ጋሼ። ለራሴ ነው፤ ለሰው አልሰጠውም።»

«አይሆንም» አልኩ። ቀጥዬም የቋንቋ ሰው ነኝና ሥነ ጽሑፍ ጠቀስኩባት። የጎጎልን «ካፖርት» ነገርኳት፤ ያ ምስኪን ጸሐፊ ያለቀ ካፖርቱን ይዞ ልብስ ሰፊው ዘንድ ሲሄድ ሰፊው አይሆንም ይለዋል፤ ጨርቁ ነፍሱ ወጥቷል፣ እራፊ ቢደረግበት መርፌውን የሚይዝ ነገር የለም። ይህም ቀሚስ እንደዚያ ነው፣ ሳስቷል፣ ብትነኪው ይበጣጠሳል፣ አልኳት።

ላስቲኩን ፈታችና ቀሚሱን በሁለት እጇ ወደ መስኮቱ ይዛ አየችው። ብርሃኑ አልፎ ፊቷ ላይ ወደቀ።

«ሳስቷል» አለች። «ከሥሩ ሌላ ጨርቅ ደርቤ ነው የምይዘው። እንደዚህ ያለው ብቻውን አይሰፋም።»

«ላስቲክ ውስጥ ምን ሆነ? አልተነካም።»

«ላስቲክ ውስጥማ ወየበ፣ ጋሼ። እየው እስቲ። እጥፋቱ ላይ እየተቆረጠ ነው።»

እውነቷን ነው። በታጠፈበት በኩል መስመር ይዞ ሳስቶ ነበር፤ አሥራ ሦስት ዓመት ማንም ሳይለብሰው። በነገራችን ላይ ያ የዝሆኑ ብርድ ልብስ ምን እንደደረሰ ጠይቄአታለሁ። ልጁ ተወልዷል። ብርድ ልብሱ «እንዳይበላሽ» ተብሎ ከነመጠቅለያው ቁምሳጥን ላይ ተቀምጧል። ከልብ ያከበሩት ይመስላቸዋል፤ እኔም ቀሚሱን ሳስቀምጥ እንደዚያው ይመስለኝ ነበር።

ቀሚሱን ወስዳዋለች። እኔው ነኝ አጥፌ የሰጠኋት፣ ጥለቱ ወደ ውጭ ሆኖ። ከዚያ ወዲህ ሁለት ጊዜ ደውዬ እንዴት እንደደረሰች ጠይቄ ነበር፤ «አታስቸኩለኝ፣ ጋሼ፣ ገና ክር እየመረጥኩ ነው» አለችኝ። የዘበኛውን ነገር ግን እስካሁን አልነገርኳትም። ለእናቷም አልነገርኩም፤ እህቴ እስከ ዛሬ ድረስ ያንን ታሪክ የምታወራው እናታችን ቡና ላይ ባወራችበት አኳኋን ነው፣ ለልጆቿም እንደዚያው አስተላልፋዋለች። ይህ ጽሑፍ ቅዳሜ ይወጣል፤ የእህቴ ልጅ ደግሞ ጋዜጣውን ሳታነብ አትውልም።